ካስክ ውስጥ ሆነሽ ስሚው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ዘፈን ናቸው። የዘፋኝ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ፕሌይሊስት ነው። ማን ለማን ምን ላከ፣ ማን በማን ላይ ሙድ ያዘ፣ ማን ተቀየመ። በዚህ ዓምድ የለመድኩት ስለ አከራይና ተከራይ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ዕቁብ በልቶ ስለጠፋ ጎረቤት ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። በጉርምስናዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ካሴት ስቀዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከአማትና ምራት ጉዳይ ይልቅ ይሄኛውን ትንሽ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ረጅም ነው። ያሳጠርኩት ቦታ አለ፣ ቃሉን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ

ጋሼ ሰላም ነዎት? 28 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለየችኝ ጓደኛ አለችኝ፤ ስታዲየም ጋ ፀጉር ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው በዓል ቡና እየጠጣን «የምትሰሚውን ዘፈን ላኪልኝ፣ እኔም እልክልሻለሁ» ተባባልን። 25፣ 25 ዘፈን። ሕጋችን አንድ ዘፋኝ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይደገም፣ ሌላ ሰው እንዳይማከር የሚል ነበር።

እኔ ሳምንት ፈጀብኝ። ሙላቱ አስታጥቄን አስገባሁ፣ ዋልያስ ባንድ ያለ ዘፋኝ የተጫወቷቸውን አስገባሁ፣ የማህሙድን የድሮዎቹን፣ ጂጂን፣ ከውጭም ጃዝ ጨመርኩ። ቅደም ተከተሉን ራሱ አስቤበት ነው። እሷ በማግስቱ ላከችልኝ። ከፍቼ ሳየው ምን ልበልዎት፣ የሰርግ ዘፈን፣ የታክሲ ዘፈን፣ ሆ የሚባልበት ሁሉ። አንዱ ጮሆ ሳያበቃ ሌላው ይጮሃል። እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻ አልሰማኋቸውም፣ መጀመሪያቸውን እየቀመስኩ ነው ያለፍኩት። ከዛ አራት ሆነን ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የሰርግ ዲጄ ከፈለጋችሁ አግኝቼላችኋለሁ፣ ድንኳኑን እናንተ ቻሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ሳቁ። እሷም የሳቅ ምልክት ላከች።

የእኔን ሰምታ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ግን እንቅልፍ አመጣብኝ» አለችኝ። ይሄም እኔን አናዶኛል። ከዛን ቀን ወዲህ ሻይ እንጠጣ ስላት ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ሦስት ሳምንት ሆነን። ይቅርታ ልጠይቅ? ደግሞስ የምን ይቅርታ ነው፣ ዘፈኑ ፋራ ከሆነ ፋራ ነው አይባልም? እንዲህ የማንገጣጠም ከሆነ ምን አገናኘን እያልኩም አስባለሁ። አራዳ ነኝ ለማለት አይደለም፣ እኔ ራሴ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ንዋይ ደበበን ከፍቼ አብሬው የምዘፍን ሰው ነኝ። ግን ጣዕም የሚባል ነገር አለ አይደል?

ግራ የገባት፣ ከሜክሲኮ

መልስ

እህቴ፣ ቀላሉን እናስቀድም። አዎ፣ ይቅርታ ጠይቂ። ዘፈኖቹን ስላልወደድሽ አይደለም፤ አለመውደድ መብትሽ ነው። ጥፋትሽ ግሩፑ ላይ ነው። ልጅቷ ለአንቺ ብላ የሰጠችሽን አውጥተሽ አደባባይ ላይ አሰጣሽው። ለብቻችሁ ሆናችሁ ብትስቂባት እሷም መልሳ ትስቅብሽ ነበር፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ስትሳሳቁ ነው የኖራችሁት። ሌላ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሳቅ ምልክት ላከች ያልሽውንም እንደ ማስረጃ አታቅርቢብኝ። በሰው ፊት ሙድ የተያዘበት ሰው ሌላ ምን ይልካል?

ሁለተኛውን ጥፋት ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። መጀመሪያቸውን እየቀመስሽ አለፍሽ። እሷ ግን የአንቺን ሰምታዋለች። በምን አወቅክ ካልሽኝ፣ እንቅልፍ አመጣብኝ ብላሻለች። እንቅልፍ በ10 ሰከንድ አይመጣም። ቁጭ ብላ፣ ምናልባትም ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ማታ ደክሟት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምታልሻለች። የሚያናድድ አስተያየት ነው፣ እሺ። የሰማ ሰው አስተያየት ነው ግን።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

1984 ዓ.ም. ገደማ ነው። 17 ዓመቴ ነው፣ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሰፈሩም ፈርሷል፣ ሙዚቃ ቤቱም የለም። ሥራዬ መቅዳት ነው። ሰው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከየካሴቱ እየፈለግኩ አንድ ባንድ እቀዳለታለሁ። የእኛ ዘመን ፕሌይሊስት ይሄው ነው። በ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ የሚይዘው 30 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ አምስት ስድስት ዘፈን ትመርጫለሽ፣ የመጨረሻው መሃል ላይ ከተቆረጠ ደንበኛው ካሴቱን ይወረውርብሻል። የ90ው ብዙ ይይዛል፣ ግን ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቴፑ ቶሎ ይበላዋል። (በእኛ ሱቅ የዘፋኝ መብት የሚባል ነገር አንስቶ የሚያውቅ አልነበረም። የቅጂ መብት አዋጁ የወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. ነው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን የማስበው የምሳዬን ነበር።)

ሥራው ሁለት ነገር አስተማረኝ። ካሴት በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠንና ሰውን በወረቀቱ መናቅ። ወረቀቱን ተቀብዬ ገና ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ከንፈሬ ይጣመማል። ደንበኞቼም ያዩኛል። አንዳንዱ ይሽኮረመምና «ይሄኛው እንኳን ለእህቴ ነው» ይለኛል።

ከደንበኞቹ አንዱ በአሰብ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሲጋራ ፓኮ ላይ ነው። ሁልጊዜ ጭፈራ ብቻ፣ ሁልጊዜ ገና ሲጀምር የሚጮህ። በየጊዜው የሚያስጠነቅቀኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ልጅ፣ መግቢያው የሚያዛጋ እንዳታስገባብኝ»። እኔ ይሄ ሰውዬ ጆሮ የለውም አልኩ። ላስተምረው ብዬም፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ አንድ ትዝታ ቀዳሁለት፤ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ መሰንቆው ብቻውን ረጅም የሚሄድበት፣ እኔ አይኔን ጨፍኜ የምሰማው። በሁለት ሳምንቱ መጣ። ምንም አላለኝም። ና ብሎ መኪናውን ወዳቆመበት ወደ ተክለሃይማኖት ይዞኝ ወረደ። ጋቢና አስገባኝ፣ ካሴቱን ከተተ፣ ሞተሩን አስነሳ።

ምንም አይሰማም። ሞተሩ ብቻ ያጓራል።

«ሰማህ?» አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። «እኔም አልሰማሁም። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ ቁልቁለት ላይ በአንድ እጄ ልገለብጥ ስል ገደል ልትከተኝ ነበር፣ አንተ አጉል አዋቂ!»

ከዛ በኋላ ወረቀት ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ሆነህ ነው የምትሰማው?» ሆነ። መልሱ ከንፈሬን ቀስ በቀስ አቃናልኝ። አንዷ ባለ ምግብ ቤት ናት፣ መጥበሻ ከሚንጫጫበት ኩሽና። አንዱ ዘበኛ ነው፣ ሌሊት፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ ጆሮው ላይ ለጥፎ። የሁለቱ ወረቀት ለምን እንደማይመሳሰል ያኔ ገባኝ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንምጣ። ልጅቷ የምትውለው ሁለት ሦስት ካስክ (ያ ራስ ላይ የሚደፋው ፀጉር ማድረቂያ) አንድ ላይ በሚያጉረመርምበት፣ ፔስትራ በሚሠራበት፣ ደንበኛ ሁሉ ስልክ ላይ እየጮኸ በሚያወራበት ክፍል ውስጥ ነው። ሙላቱ በቫይብራፎኑ የብረት ርብራብ ላይ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥበው ድምፅ እዚያ ውስጥ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ይዋጣል። ጫጫታ መጀመሪያ የሚውጠው ዝቅ ያለውን ነው። «አንዱ ጮሆ ሳያበቃ ሌላው ይጮሃል» ያልሽው እንደ ስድብ ነው አይደል? እሷ የመረጠቻቸው ለዛው ይሆናል። የአሁኑ ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲጮህ ያደርጉታል። ጸጥ ባለ ሳሎን ያደክማል፣ እኔንም ያደክመኛል። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሰርግ ቤት ግን ከዛ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛ በእግሯ ምት ስትመታ ቀኑ ይሄዳል፣ ጉርሻም ይኖራል። ይሄንን ዘፈን ከሥራዋ ነጥለሽ ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ኢርፎን ሰክተሽ ብትሰሚው መንጫጫቱ አይገርምም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልጨክንብሽ ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ የሚጣል የለም። ሙላቱ እኮ ነው፣ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አጋብቶ ለዓለም ያሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ፈረንጁ ሁሉ የሚያውቀው። ዋልያሶችም በሂልተን ሆቴል ባንድነታቸው የኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ያለ ዘፋኝ ያሳተሙት ሸክላ እስከ ዛሬ የሚፈለግ ናቸው። ምርጫሽ ያኮራል። ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አምልጦሻል። ቅዳሜ ልብስ ስታጥቢ ከንዋይ ደበበ ጋር ትዘፍኛለሽ። ታዲያ ከ25ቱ ውስጥ ንዋይ የታለ?

የለም። ሳምንት ሙሉ የደከምሽው «ይሄን ትሰማለች» እንዲባልልሽ የምትፈልጊውን ስትለቅሚ ነው። እሷ ዘፈን ስትልክልሽ አንቺ ሲቪ ላክሽላት። ሲቪ ላይ ደግሞ ልብስ አጥባለሁ ብሎ የሚጽፍ የለም። እሷ በማግስቱ የላከችው ለምን መሰለሽ? ስልኳ ላይ ያለውን ነዋ የገለበጠችው! የማይሰማ ነገር ለመፈለግ ጊዜ አላጠፋችም። እንቅልፍ ያመጣባትም ሙላቱ ብቻ አይመስለኝም፤ አራተኛ ክፍል የምታውቃት ልጅ ከ25ቱ በአንዱም ውስጥ ስትጠፋባት ጊዜ ይሆናል።

ጣዕም የሚባል ነገር አለ አይደል ብለሻል። አለ። ሁሉም ዘፈን እኩል ነው የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም፣ አብዛኞቹ ከክርክር ለመሸሽ ነው። ቤት ለመምታት ብቻ ተገጣጥሞ ምንም የማይል ግጥም አለ። ኪቦርዱ ከበሮውንም መሰንቆውንም ዋሽንቱንም ተክቶ ሁሉንም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ያደረገበት ዘፈን አለ፣ በብዛት አለ። ግን «ፋራ» የሚለው ቃል ስለ ዘፈኑ አንድም ነገር አይነግረኝም፤ የሚያወራው ስለ ሰውየው አመጣጥ ነው። «አራተኛው ዘፈን ላይ ኪቦርዱ የልጅቷን ድምፅ ዋጠው» ብትያት ኖሮ ትከራከርሽ ነበር፣ ክርክሩም ሦስተኛ ያስጠጣችሁ ነበር። ለዛ ግን አራተኛው ዘፈን ድረስ መስማት ያስፈልጋል።

ምን አገናኘን ላልሽው፣ ያገናኛችሁ አራተኛ ክፍል ነው። ዘፈን የመጣው አሁን ነው።

እንግዲህ አድርጊ የምልሽ ይሄን ነው። ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ጻፊ፣ ሙድ የያዝሽው እዚያ ስለሆነ፤ ረጅም አታድርጊው፣ ያሳፍራታል። ዋናውን ይቅርታ ግን በስልክ እንዳትጨርሺው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ሰው በማይበዛበት ቀን፣ ፀጉር ቤቷ ሂጂ። እንደ ማንም ደንበኛ ተራ ያዢ። ታጠቢ። ካስክ ውስጥ ግቢና ያንን የላክሽላትን ዝርዝር እዚያ ሆነሽ ስሚው፣ በኢርፎን ሳይሆን እንደ እሷ በስፒከር። ከዛ የእሷን ክፈቺ። ሂሳቡን ሙሉ ክፈዪ፣ የጓደኛ ዋጋ አትጠይቂ። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ንዋይን ላኪላት።

ጥያቄ

ጋሼ፣ አራት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ የ1960ዎቹን ዘፈን እንጂ ሌላ አይሰማም። ፕሌይሊስት እንለዋወጥ ብለን ላክሁለት፤ እንደ መምህር ከ10 ማርክ ሰጥቶ መለሰልኝ። ሮፍናን 3፣ ቴዲ አፍሮ 5፣ ሌላው ሁሉ ዜሮና አንድ። የእሱ ዝርዝር ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ አለማየሁ፣ ብዙነሽ፣ ሙሉቀን ነው፣ ሁሉም 10 ከ10 ነው ይላል። ያኔ እኮ አባቱ ራሱ ሕፃን ነበር! የድሮው ግን እውነት ይሻላል?

ማርኩ የወረደበት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ወንድሜ፣ በጓደኛህ ዝርዝር አልጣላም። እነዚህን አምስት ሰዎች በአንድ ዘመን ያገኘች ከተማ ታድላለች። እኔም 50 ሞልቶኝ ያንን ዘመን አልደረስኩበትም፣ የደረስኩበትም ጡት ስጠባ ነው፤ ቢሆንም ጓደኛህ ከእኔ እኩል ሊናፍቀው ይችላል፣ ናፍቆት ዕድሜ አይጠይቅም።

ማርኩ ላይ ነው ችግሩ። ጓደኛህ የሚያወዳድረው የተመረጠን ካልተመረጠ ጋር ነው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሙዚቃ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፤ ደፍሮ ነው የገባበት። እስከ 1975 ባሉት ዓመታት 103 ሁለት ዘፈን የሚይዙ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ሙሉ አልበም አሳተመ። ከእሱ ጎን ዓሊ ካይፋም ነበር፣ ማህሙድን በ1975 ያሳተመው። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ጓደኛህ ስልክ ላይ ያለው ስንቱ ነው? ሰው ሲቀባበለው የኖረው ነው የደረሰው፤ ከዛ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚባለው፣ ከ30 ያላነሰ ቅጽ ባለው ተከታታይ ሲዲ መርጦ ያወጣው። ጆሮው ጥሩ ነው፣ አመሰግነዋለሁ። የአንድ ሰው ጆሮ ነው ግን። አሰልቺው ዘፈን በየሰው ቆጥ ላይ አቧራ ለብሶ ቀርቷል። የዘንድሮው አሰልቺ ዘፈን ደግሞ ገና በየታክሲው እየጮኸ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ የ50 ዓመት ወንፊት ያለፈውን ጤፍ ገና ካልተነፋው ጋር እያወዳደረ ነው።

ወንፊቱም ቢሆን ይሳሳታል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ተረሳ፣ እሱም ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባህር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመውና ሰውየው በስተርጅና የዓለም መድረክ ላይ ወጣ። ይሄን ታሪክ ስሰማ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ያቺን ሙዚቃ ቤት ነው ያስታወሰኝ። ባዶ ካሴት ሲያልቅብን ገዢ ያጣውን ካሴት እናወጣና ጫፉ ላይ የተሰበረችውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍነን ላዩ ላይ እንቀዳበት ነበር። ስንቱን አኮርዲዮን ነው አጥፍቼ ሆ በሉ የቀዳሁበት? አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ደግሞ ለጓደኛህ ይሄን ንገርልኝ። አባቴ አለማየሁ እሸቴ በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር «ይሄ የፈረንጅ ዝላይ ነው» ብሎ ይነሳ ነበር። የአቢሲኒያው ኤልቪስ ይሉት የነበረው ሰው እኮ ነው፣ ፀጉሩ፣ ልብሱ፣ እንቅስቃሴው፣ የአባቴን እራት የሚያበላሽ። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ነጸብራቅን ሲያወጣም «ይሄ ኮምፒውተር ነው እንጂ ዘፈን ነው?» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንደኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ከኤሌክትሮኒኩ ሥር ያለውን የሀገር ቤት ምት አገኘሁትና አፌን ዘጋሁ። 10 ነው አልልም። 3 ግን አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ጠይቀው። «ከ1960ዎቹ የማትወዳቸውን አምስት ዘፈኖች ላክልኝ፣ ለምን እንደማትወዳቸውም ጻፍልኝ» በለው። ዘመኑን ከልቡ የሚሰማ ሰው ከሆነ አምስቱን ለማግኘት አይቸገርም፣ እንዲያውም ስድስተኛ ይጨምርልሃል፤ ያኔ ማርኩን ተቀብለህ ብትከራከረው ያዋጣሃል። አንድም ካጣ ግን የሚሰማው ዘፈኑን አይደለም፣ ዝናውን ነው። በነገራችን ላይ አንተም ከዘንድሮው የማትወደውን አምስት አዘጋጅ፣ መልሶ ይጠይቅሃል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እጮኛዬ ከላከልኝ 14 ዘፈን ውስጥ 9ኙ ትዝታ ነው። ሁሉም የተለያየ ዘፋኝ፣ ዘፈኑ ግን ያው ትዝታ። የሚያስታውሳት ሰው አለች እንዴ? ሰርጋችን ጥር ላይ ነው።

ልቧ ያልረጋ፣ ከፒያሳ

መልስ

እህቴ፣ ረጋ በዪ። ትዝታ የስሜት ስም ብቻ አይደለም፤ የዘፈን ስም ነው፣ ከአራቱ ቅኝቶችም የአንዱ ስም ነው። ሌሎቹ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ሁሉ አንገት አያስደፋም፣ እስክስታ የሚመታበትም ሞልቷል። ዘፈኑን ደግሞ አንቱ የተባለ ድምፃዊ ሁሉ አንድ ጊዜ ይሞክረዋል፣ እንደ ማትሪክ ፈተና ነው። ማህሙድ ተጫውቶታል፣ አስቴር ተጫውታዋለች፣ የበዛወርቅ አስፋውን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አላውቅም። ስለዚህ ዘጠኝ ትዝታ የሰበሰበ ሰው የዘጠኝ ቤት ዶሮ ወጥ ቀምሶ እንደሚያወዳድር ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ትንሽ ያደክማሉ እንጂ ክፋት የላቸውም።

ለማጣራት ቀላል ነው። ከዘጠኙ የትኛውን ትወዳለህ፣ ለምን በዪው። ስለ ዘፋኟ ትንፋሽ፣ ድምፁን የት ላይ እንደምትሰብረው፣ መሰንቆው የት እንደሚገባ ካወራልሽ ተኚ። «አንድ ጊዜ ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ እየዘነበ…» ብሎ ከጀመረ ደግሞ አታቋርጪው፣ እስከ መጨረሻ አስወሪው።

የሰርጉን ሙዚቃ ግን ለእሱ እንዳትተዪለት። 25 የሰርግ ዘፈን ያላት ልጅ ስታዲየም ጋ አለች፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ተመልከቺ። ድንኳኑን እናንተ ቻሉ።